«ያልተረጋጋ» በእንግሊዝኛ የትኛው ነው? ቮላታይል፣ ፕሪኬሪየስ፣ አንስቴብልና ዘመዶቻቸው

የእህቴ ልጅ ለነጻ ትምህርት ዕድል የጻፈውን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት እንዳየው ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አይ ከም ፍሮም ኤ ቮላታይል ፋሚሊ።» የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምን ለማለት ነው?»

«ኑሯችን ያልተረጋጋ ነው ለማለት ነዋ ጋሼ። የአባዬ ገቢ አንዱን ዓመት ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው የለም።»

እሱ ያሰበው ይህን ነው። ደብዳቤውን የሚያነቡት ሰዎች የሚታያቸው ግን ሌላ ቤት ነው። ባልና ሚስት ሳህን የሚወራወሩበት፣ ማን መቼ እንደሚጮህ የማይታወቅበት ቤት። እህቴ ይህን መስመር ብታነበው ኖሮ በእርግጥም ያን ቀን ቮላታይል ትሆን ነበር።

ልጁን ብቻ አልወቅስም። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ወይም ስልካችሁን ብትጠይቁ ለቮላታይልም፣ ለአንስቴብልም፣ አንዳንዴ ለፕሪኬሪየስም የምታገኙት ያው «ያልተረጋጋ» ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንመለስ ታዲያ ከሦስቱ ዓይናችን ያረፈበትን እናነሳለን። ብዙ ጊዜ የምናነሳው ደግሞ ከበድ ብሎ የሚሰማውን ነው።

እኔ ለዚህ አንድ መላ አለኝ። እንግሊዝኛውን ከመምረጣችሁ በፊት «ያልተረጋጋ» የሚለውን ሰርዙና ሌላ አማርኛ ፈልጉ። ለነገሩ እኛ ቤት ውስጥ ስናወራ «ያልተረጋጋ» ብዙም አንልም፤ የዜና አማርኛ ነው። ዋጋ ይዋዥቃል። ወንበር ይነቃነቃል። የሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ኔትወርክ ይቆራረጣል። ኑሮ በቋፍ ይሆናል። ሰው ግልፍተኛ ነው፣ ወይም ወረተኛ ነው። የሰፈሩን ቃል ካገኛችሁ እንግሊዝኛው ከሞላ ጎደል ራሱን ያሳያችኋል።

ቮላታይል፦ የሚዋዥቅ፣ ብን የሚል

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ቮላሬ» መብረር ማለት ነው። ድሮ በእንግሊዝኛ ወፉን ራሱን በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ኋላ ላይ ኬሚስቶች በቀላሉ ለሚተን ፈሳሽ ወሰዱት። ቤንዚን፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ብትረሱት የለም። አማርኛ ወፏን ብር አለች፣ ሽቶውን ብን አለ ይላል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጠ።

አረቄ የሚያወጡ እናቶች ቃሉን ባያውቁትም ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁታል። በባሕር ጠለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ ውሃ በ100። ድፍድፉ ሲሞቅ እንፋሎቱ ውስጥ በብዛት ቀድሞ የሚወጣው አልኮሉ ነው። ያ እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ታግዞ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ አረቄ ይሆናል። ኬሚስት ይህን ሲያስረዳ ከውሃ ይልቅ አልኮል ቮላታይል ነው ይላል። እዚህ ላይ ቃሉ ስድብም ስጋትም የለበትም፤ የነገሩን ጠባይ ብቻ ይናገራል።

ኮምፒውተር ላይም አለ። ሁለት ሰዓት የጻፋችሁት ሰነድ ሴቭ ሳይደረግ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ራም ላይ ስለነበረ ነው። ራም ቮላታይል ሜሞሪ ይባላል፤ ኃይል ሲቋረጥ የያዘው ሁሉ ብን ይላል። ፍላሽ ዲስክ ግን ኪስ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥም ፋይሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ ኖን ቮላታይል ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ያለ አይመስለኝም።

አብዛኛው ሰው ቃሉን የሚሰማው ግን ከገበያ ጋር ነው። ብዙ ስህተት የማየውም እዚህ ነው። ቮላታይል ዋጋ ማለት ውድ ዋጋ ማለት አይደለም። እየጨመረ የሚሄድ ዋጋ ማለትም አይደለም። ሽቅብና ቁልቁል፣ በፍጥነት፣ ሳይታሰብ የሚል ዋጋ ነው። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ቮላታይል ነው ብላችሁ ብትጽፉ አልስማማም። ኪራይ መቼ ወርዶ ያውቃል? ቲማቲምና ሽንኩርት ግን ልክ ናቸው። ዝናብ ሲበዛና ምርት ሲበላሽ ይወደዳሉ፣ አዲሱ ምርት ሲገባ ይረክሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና።

በዚህ ሚዛን ብርን እንየው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ቮላታይል ልበለው? እኔ አልለውም። ብር ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ወደቀ። ለእንዲህ ያለው መውደቅ እንግሊዝኛ ዲፕሪሲዬሽን የሚል የራሱ ቃል አለው።

ቡናን ግን ያለ ማመንታት ቮላታይል ማለት ይቻላል። ኒው ዮርክ ላይ የሚወሰነው የአረቢካ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ለአንድ ፓውንድ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2021 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታው፣ ዋጋው ተተኮሰ። ከዚያ ወረድ አለ። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አለፈ። ብራዚል ውስጥ አንድ ሌሊት ሲበርድ ጅማ ያለ ነጋዴ ይሞቀዋል፣ ብራዚል ሲዘንብ ይበርደዋል። ይህ ነው ቮላታይል።

ከዋጋ ወጥተን ወደ ሰውና ወደ አካባቢ ስንመጣ ቃሉ የቤንዚን ሽታ ይይዛል። ቮላታይል ሰው ግልፍተኛ ነው፤ አሁን ስቆ አሁን የሚጮህ። ቮላታይል አካባቢ ደግሞ ክብሪት የሚጠብቅ አካባቢ ነው። የእህቴ ልጅ ስህተት ይኸው ነው። «ቮላታይል ኢንካም» ቢል ኖሮ ትክክል ነበር፤ «ፋሚሊ» ሲለው ቤቱን አቃጠለው።

ስለ አነጋገሩ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። እንግሊዞች መጨረሻውን «ታይል» ይሉታል፣ አሜሪካኖች ደግሞ «ቫለትል» ወደሚል ያሳጥሩታል። ዋሽንግተን ያለ ዘመዳችሁ እንዲህ ሲል ብትሰሙት ተሳስቶ አይደለም።

ፕሪኬሪየስ፦ በቋፍ ያለ

ከሁሉም የምወደው ቃል ይህ ነው። ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ለእኛ ኑሮ ግን ልክ የተሰፋ ነው።

ይህም ሥሩ ላቲን ነው። «ፕሪካሪየስ» በልመና የተገኘ፣ በሰው በጎ ፈቃድ የተያዘ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ፕሬይ» ማለትም መጸለይ የሚለው ቃል ዘመዱ ነው። ሮማውያን ዘንድ አንድ ሰው መሬቱን ወይም ዕቃውን ለሚለምነው ሰው እንዲጠቀምበት ይሰጣል፤ ባሰኘው ቀን ግን «መልስ» ማለት ይችላል። ያ ሰው የያዘው ነገር ፕሪኬሪየስ ነው። ዛሬ በእጁ ነው። ነገም በእጁ መሆኑን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከቮላታይል ጋር ያለው ልዩነት ቁልጭ ይላል። ቮላታይል ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል ይወርዳል። ፕሪኬሪየስ ነገር ግን ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል። ዓመት፣ አሥር ዓመት ሳይነቃነቅ ይቆያል። ችግሩ ከሥሩ የያዘው ነገር ቀጭን መሆኑ ነው። «በቋፍ» ስንልም ይህንኑ ነው የምንለው። ገና አልወደቀም። ለመውደቅ ግን ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ጭሰኛ አስቡት። ሲያርስ ኖሯል፣ ቤት ሠርቷል፣ ልጆች ወልዷል። ባለመሬቱ ተነስ ሲለው ግን የሚይዘው ነገር አልነበረውም። የጭሰኛው ኑሮ ቮላታይል አልነበረም፤ እንዲያውም ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነበር። ፕሪኬሪየስ ግን ነበር፣ ከነሥሩ።

ዛሬም ምሳሌ አይጠፋም። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ባሕረ ሰላጤ አገሮችና ሊባኖስ ሄዳ የምትሠራ እህታችን የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከቤቱ ከወጣች በአንድ ጊዜ ሥራዋንም ሕጋዊነቷንም ልታጣ ትችላለች። ደመወዟ በየወሩ አንድ ነው። የሚዋዥቅ ነገር የለም። ስለ እሷ ሁኔታ እንግሊዝኛ ሪፖርት የምትጽፉ ሰዎች «አንስቴብል ጆብ» ከምትሉ «ፕሪኬሪየስ» በሉት፤ የሚያመውን ቦታ የሚነካው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ለሚኖር ሰውም ይሠራል። ከለላው ቢበዛ በ18 ወር እየተቆረጠ የሚሰጥ ነው፤ መታደስ አለመታደሱን የሚወስነው መንግሥት ነው።

የቤት ኪራይን ቅድም ቮላታይል አይደለም ብዬ ነበር። ፕሪኬሪየስ ግን ይሆናል። ዋጋው ሳይሆን መቀመጡ። «ልጄ ከውጭ እየመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚለውን ያልሰማ ተከራይ ካለ እጁን ያውጣ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲል በእንግሊዝኛ ቢገለጽ ተከራይነትን «ለስ ፕሪኬሪየስ» ለማድረግ ነው ይባላል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

አንድ ሕግ ግን አለው፤ ሰውን ራሱን ፕሪኬሪየስ አይሉትም። የሰውየው ሥራ፣ ጤና፣ ኑሮ፣ አቋቋም ይባላል እንጂ «ሂ ኢዝ ፕሪኬሪየስ» ብትሉ ጆሮ ይቧጥጣል። ሲነበብ ደግሞ ጉልበቱ መሐሉ ላይ ነው፦ ፕሪ፣ ኬ፣ ሪየስ፤ «ኬ»ን ጫን በሏት።

አንስቴብል፦ ሲጨንቃችሁ

አንስቴብል የሁሉም እናት ነው። ሌላው ቃል ካልመጣላችሁ እሱን ብትጠቀሙ የሚስቅባችሁ የለም። መንግሥት፣ ሕንፃ፣ በሽተኛ፣ ኬሚካል፣ ኢንተርኔት፤ ሁሉም ላይ ይገባል። ዙም ስብሰባ ላይ ፊታችሁ ደርቆ አፋችሁ ተከፍቶ ሲቀር ስክሪኑ ላይ የሚመጣው መልእክት ኮኔክሽናችሁ አንስቴብል ነው የሚል ነው።

ሥሩ መቆም ነው። ስቴብል የቆመ፣ አንስቴብል በእግሩ መቆም ያቃተው። በነገራችን ላይ የፈረስ ጋጣም በእንግሊዝኛ ስቴብል ነው፤ ከዚያው ከመቆም የመጣ ነው። ፈረሱ የሚቆምበት።

ሆስፒታል ውስጥ ግን ይህ ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተለይ ውጭ አገር ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች ይህችን ያዟት። ነርሷ «ሂ ኢዝ ስቴብል» ስትል «ድኗል» ማለቷ አይደለም። የልብ ምቱ፣ ግፊቱ፣ አተነፋፈሱ አሁን እየተለዋወጠ አይደለም ማለቷ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በማሽን እየተነፈሰ ስቴብል የሚባል ሰው አለ። እናታችሁን «ተረጋግቷል፣ ገና ግን አልዳነም» በሏቸው። በተቃራኒው ስለ ደረት ሕመም «አንስቴብል አንጃይና» የሚል ቃል ከሰማችሁ እንደ ተራ ነገር አታሳልፉት። ሰውየው ዐርፎ እያለ እንኳ የሚመጣ፣ ወይም ከቀድሞው እየባሰ የሚሄድ የልብ ሕመም ነው። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ሊከተለው ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

ሰውን አንስቴብል ማለት ከባድ ነው። ቮላታይል ብትሉት ግልፍተኛ አላችሁት። አንስቴብል ብትሉት ግን አእምሮው ልክ አይደለም እንደማለት ይሰማል። የሥራ ባልደረባችሁ ሐሳቡን ስለቀያየረባችሁ ብቻ አትበሉት። ለእሱ የሚሆን ቀለል ያለ ቃል ወደ ኋላ ላይ አለ።

ስሙ ላይም ብዙ ሰው ይሰናከላል። ቅጽሉ አንስቴብል ስለሆነ ስሙ «አንስታቢሊቲ» ይመስላል። አይደለም፤ ኢንስታቢሊቲ ነው። ለምን እንደሆነ እንግሊዞችን ጠይቁ።

አንድ መወጣጫ፣ አራት ቃላት

የሚነቃነቁትን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት ሥዕል አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እየተሠራ ያለ ሕንፃ አስቡ። ከባሕር ዛፍ የተሠራ መወጣጫ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ።

መወጣጫው ሪኬቲ ነው። ያረጀ፣ የላላ፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ። ቃሉ የመጣው ሪኬትስ ከሚባለው የልጆች በሽታ ነው፤ ፀሐይና ቪታሚን ዲ ሲያንስ አጥንት ለስልሶ እግር የሚቆለመምበት። ሪኬቲ የሚባለው ዕቃ ነው፦ መሰላል፣ ድልድይ፣ ያረጀ አልጋ።

ሠራተኛው ያለበት ሁኔታ ፕሪኬሪየስ ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ አይፈራም፣ እያፏጨ ይሠራል። ያለበት ቦታ ግን በቋፍ ነው።

ምሳ ሰዓት ወርዶ ጠጅ ቤት ጎራ ብሎ ቢመለስስ? እግሩ አንስቴዲ ይሆናል፤ ይንገዳገዳል። የመጀመሪያ ቀኑ ሆኖ ወደ ታች ሲያይ እጁ ቢንቀጠቀጥ ደግሞ ሼኪ ነው።

ሼኪ ከአካል አልፎ ይሄዳል። የሚያወላዳ ማስረጃ ሼኪ ነው። ያልተሳካ አጀማመር ሼኪ ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛችንን ሼኪ ነው እንላለን፤ ትሕትና ያለበት፣ የሚያስፈግግ አባባል ነው። የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን አትጻፉት፣ ትሕትናውን የሚያይላችሁ የለም።

ዎብሊስ? አንድ እግሩ ያጠረ የካፌ ጠረጴዛ ነው። ወረቀት አጥፋችሁ ከሥር ስታደርጉበት የሚስተካከለው። አደጋ የለውም፣ ያናድዳል ብቻ።

አመልና ልብ

ሁለት ይቀራሉ፤ አጠር አድርጌ ልለፋቸው። ኢራቲክ ሥሩ መባዘን ነው፤ «ኤረር» የሚለው ቃል ዘመዱ ነው። መላ ቅጡ ለጠፋ ነገር ነው። ከፊታችሁ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚል፣ ያለ ምክንያት ፍሬን የሚይዝ ሚኒባስ አነዳዱ ኢራቲክ ነው። መብራት በፈረቃ፣ በታወቀ ሰዓት ከጠፋ ኢራቲክ አይደለም። መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ነው። ከቮላታይል የሚለየው እሳት ስለሌለበት ነው። ኢራቲክ ሰው አያስፈራም፣ ያደክማል።

ፊክል ደግሞ ወረተኛ ነው፤ እሱን አላስረዳም፣ ሁላችሁም አንድ ታውቃላችሁ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ማልያ ለብሶ፣ ሲሸነፍ «እኔ ኳስ ብዙም አላይም» የሚለው ደጋፊ። ሐሳቡን የሚቀያይረው ባልደረባችሁም ቃሉ ይኸው ነው። ጥንት በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አታላይ ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ለስለስ ብሏል። ለአየር ጠባይም ይሆናል፤ ጃንጥላ ስትይዙ ፀሐይ፣ ቤት ስትተዉት ዝናብ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ልጁን እንግሊዝኛውን ተወውና በአማርኛ ንገረኝ አልኩት፤ «ያልተረጋጋ» ሳትል። ትንሽ አሰበ።

«አባዬ ቡና ይነግዳል። የቡና ዋጋ ይዋዥቃል። ስለዚህ ኑሯችን ሁልጊዜ በቋፍ ነው።»

በቃ፣ ጨረሰው። የሚዋዥቀው ዋጋ ቮላታይል፣ በቋፍ ያለው ኑሮ ፕሪኬሪየስ። አንዱ ምክንያት ነው፣ ሌላው ውጤት። ሁለቱን ቃል ቦታ ቦታቸው አስገብቶ አዲስ አንቀጽ ጻፈ። እኔ ሳልነግረው ደግሞ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ባት ዊ አር ኤ ስቴብል ፋሚሊ።»

እሷን አልነካኋትም።